ባሌ ቸር ከሆነ በኋላ

ባሌ ቆጣቢ አልነበረም። ቆጣቢ የሚባለው ለነገ ብሎ ዛሬ የሚሰበስብ ሰው ነው። የእኔ ባል ገብጋባ ነበር። ይህን እሱም ያምናል፤ አሁን ስጽፈውም አጠገቤ ሆኖ፣ "ጻፊው፣ ምን አለበት" ብሎኛል።

ሳን ሆዜ ያለው ቤታችን ሂተር አለው፤ ልጃችን ግን የቤት ሥራዋን ጃኬት ለብሳ፣ ኮፍያ አድርጋ ነበር የምትሠራው። ሻወር ውስጥ ትንሽ ከቆየን መጥቶ በሩን በጣቱ ያንኳኳል። ምንም አይናገርም፣ ያንኳኳል ብቻ። አንድ ሰሞን የኮሪደሩን አምፖል ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ ከቶት፣ ግድግዳ እየዳበስን ነበር መታጠቢያ ቤት የምንሄደው። እሁድ ኦክላንድ ካለው ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ ሰው፣ "ወደ ሳን ሆዜ ነው የምትመለሱት?" ካለን፣ እሺም እምቢም ከማለቱ በፊት የትኛው መውጫ ላይ እንደሚወርድ ይጠይቀዋል። ከመንገዳችን ትንሽ ወጣ ካለ፣ "ባቡሩ፣ ባርት ይሻልሃል ወንድሜ፣ የኤይት ኤይቲ መንገድ ዛሬ ተዘጋግቷል" ይለዋል። ከዚያ በባዶው መንገድ እየነዳን እንመለሳለን። እኔ በመስኮት በኩል አያለሁ።

ሐዘን ቤት መዋጮ ሲጀመር ስልክ ይደወልለታል። ማንም አልደወለም፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ "ሃሎ፣ ሃሎ" እያለ ወደ ደጅ ይወጣል። ሰው ሁሉ ያውቅበት ነበር። ሴቶቹ እኔን አያዩኝም፣ ሆን ብለው ወደ ሌላ ያያሉ። ያ ነበር የሚከብደኝ።

በሱዳን በኩል በስደት የመጣ፣ የተራበ ሰው ነው። የተራበ ሰው ቢሰስት አይፈረድበትም ብዬ ለብዙ ዓመት ራሴን አሳመንኩ። ኋላ ግን አብረውት ከተራቡት መካከል ያላቸውን የሚሰጡ አየሁና ያ ማሳመኛ አላዋጣኝ አለ። ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ኖርኩ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳነሳ፣ ሳጥብ፣ ሳገላብጥ ውዬ ስገባ ስለ አምፖል የምጨቃጨቅበት አቅም አልነበረኝም።

ጓደኛ የሚለው ሰው አንድ ብቻ ነበረው። እዚህ አገር የገቡት ባንድ ሰሞን ነው። ኦክላንድ ውስጥ አንድ ታክሲ ለሁለት ይነዱ ነበር፤ አንዱ ቀን፣ አንዱ ሌሊት። የተከራዩትም አንድ ክፍል፣ አልጋውም አንድ። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይተኛል። "አልጋው ቀዝቅዞ አያውቅም ነበር" ይላል ባሌ ሲያወራ፣ እንደ ትልቅ ብልሃት። በኋላ ባሌ እኔን አገባና ሚልፒታስ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ገባ። ጓደኛው ግን ሳያገባ፣ ሳይወልድ፣ ኦክላንድ ታክሲውን እየነዳ ቀረ። ከባሌም ይብስ ነበር። ለገና ቤታችን ሲመጣ ባዶ እጁን ይመጣል፣ በልቶ ይሄዳል። እኔ ስሸኘው በየዓመቱ አንድ ነገር እሰጠዋለሁ። አንዴ ብርድ ልብስ፣ አንዴ ሹራብ፣ አንዴ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን ጋቢ። በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" ብሎ ይወጣል። አብረው ሲሆኑ ርካሽ ቤንዚን የት እንደሚገኝ ነበር የሚያወሩት። ይዋደዱ ነበር፣ በራሳቸው መንገድ።

ብርዱ በገባበት ሰሞን የጓደኛው አፓርታማ ማናጀር ለባሌ ደወለ። ሰውየው ተኝቶ በዚያው ቀርቷል። የቤት ኪራይ ቀን ሲያልፍ ነው ገብተው ያገኙት፤ ኪራይ አሳልፎ የማያውቅ ሰው ስለነበር ግራ ገብቷቸው። ኮቱን እንደለበሰ ነበር አሉ።

ለቀብሩ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ከጸሎቱ በኋላ ቄሱ ዞር ዞር ብለው አዩና፣ "የሕይወት ታሪኩን የሚያነብ አለ?" አሉ። የጻፈ የለም። "እንግዲያው እርስዎ ያውቁታልና ሁለት ቃል ይበሉ" ብለው ባሌን ጠሩት። ተነሥቶ ፊት ለፊት ቆመ።

"ሰዓት ያከብር ነበር" አለ። "መኪናውን ሁልጊዜ በሰዓቱ ነው የሚያስረክበኝ።"

ሰው የቀረውን ይጠብቃል። ባሌ እጁን ያያል። ሌላ የሚለው ነገር አጥቶ ነው እንጂ መናገር የማይችል ሰው አልነበረም። ቄሱ ራሳቸው፣ "ነፍስ ይማር" ብለው ከዚያ ገላገሉት።

ቤቱን ለማጽዳት ሁለታችን ሄድን። አንድ ክፍል ነው። ቁም ሳጥኑን ስከፍት የሰጠሁት ሁሉ ከታች እስከ ላይ ተደርድሯል። ብርድ ልብሱ ከነላስቲኩ፣ ሹራቡ ከነመለያ ወረቀቱ፣ ጋቢው እኔ እንዳጠፍኩት። አንዱም አልተነካም። አልጋው ላይ ያለው አንሶላ ሳስቶ ወዲያ ማዶ ያሳያል። ባሌ አየና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እቃውን ወደ መኪና ሳመላልስ አልተነሣም፤ እኔም ተነሥ አላልኩትም።

በዚያው ሳምንት ታመመ። ትኩሳትና ሳል ይዞት ከሥራ ቀረ። እኔ ጠዋት ሾርባ አስቀምጬለት እወጣለሁ፣ ስመለስ ሾርባው እንዳለ ነው። አንድ ጠዋት ልወጣ ስል እጄን ያዘኝ።

"መጥቶ ነበር" አለኝ።

"ማን?"

"እሱ ነዋ። የድሮው ታክሲያችን ውስጥ ነን፣ እኔ እነዳለሁ። ብርድ ልብሱን ከነላስቲኩ ታቅፎ አጠገቤ ተቀምጧል። በረደኝ ይለኛል። ልበሰዋ ስለው፣ አከፋፈቱ ጠፋኝ አለኝ።"

"ትኩሳቱ ነው" አልኩት።

"ልከፍትለት እጄን ሰነዘርኩ" አለ፣ እንዳልሰማኝ ሁሉ። "የእኔም እጅ እምቢ አለኝ። ትናንትም እንዲሁ ነው።"

ሺፍቴ ደርሶ ነበርና ግንባሩን በፎጣ አብሼለት ወጣሁ። ማታ ስመለስ ቤቱ ሞቋል። በሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ልጄ በስስ ሸሚዝ ቆማ የሂተሩን አፍ ታያለች።

"ማሚ፣ ተበላሽቶ ነው?" አለችኝ።

አልተበላሸም። አባቷ ከአልጋ ተነሥቶ ከፍቶት ነው።

እንደ ዳነ የንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ያየውን ነገራቸው። "ሕልሙን ተወው፤ እግርህ ሳለ የምትችለውን አድርግ" አሉት። ከእሳቸው ቤት ሲወጣ በቀጥታ ወደ መኪናው ሄዶ ከሟቹ ቤት ያመጣነውን እቃ ሁሉ ኦክላንድ ድልድይ ሥር ድንኳን ጥለው ለሚኖሩት ወሰደ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ላስቲኩን በጥርሱ ቀድዶ ብርድ ልብሱን፣ ሹራቡን፣ ጋቢውን አንድ በአንድ ትከሻቸው ላይ ያለብሳቸው ነበር። አንዷ ሴትዮ ጋቢውን ተከናንባ እየሣቀች አንድ ነገር አለችው፤ እሱ ያለቅስ ነበር። ያን ቀን ደስ አለኝ። ሳልዋሽ ልናገር፣ በትዳሬ ውስጥ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ጥቂት ነው።

ከዚያ ግን ቀጠለ።

ዲቪ ደርሷቸው የሚመጡ ሰዎችን አየር ማረፊያ ሄዶ መቀበል ጀመረ። መጀመሪያ ሁለት ወንድማማቾችን አምጥቶ ጋራዡ ውስጥ ፍራሽ ዘረጋላቸው። ቀጥሎ አንድ ባልና ሚስት መጡ፤ ሚስትየው እርጉዝ ነበረችና የልጄን ክፍል ሰጣቸው፣ ልጄ እኔ አጠገብ ተኛች፣ እሱ ሳሎን። ደግሞ በርክሌ የሚማር አንድ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይበላ ጀመር፤ ብቻውንም አይመጣም። እንግዶቹ እዚሁ አቅራቢያችን ኒውአርክ ባሉት መጋዘኖች ሥራ ሲያገኙ ጎህ ሳይቀድ እየነዳ ያደርሳቸዋል፤ ከዚያ ወደ ፋብሪካው ይሄዳል። ወጪውን ለመቻል ኦቨርታይም ጨመረ። እኔም ጨመርኩ።

ሰውየው አማረበት። ይህን መካድ አልችልም። ፊቱ በራ፣ ሳቁ ተሰማ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሰው ከመቀመጫው ይነሣለት ጀመር። ሴቶቹ እኔን ማየት ጀመሩ። "እትዬ፣ ታድለዋል፤ እንዲህ ያለ ባል በሻማ ተፈልጎ አይገኝም" ይሉኛል። "አሜን" እላለሁ። እጄ በበረኪና ተላልጦ ኪሴ ውስጥ ነው።

ድስት እንደዚያ ሰሞን አጥቤ አላውቅም። ከሥራ እገባለሁ፣ ሳህኑ ተቆልሏል። እንግዶቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ እናግዝ ሲሉ እሱ፣ "ተቀመጡ፣ እናንተ እንግዳ ናችሁ" እያለ ያስቀምጣቸዋል። ሽንኩርት የምከትፈው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ልብስ ማጠቢያው ሲዞር ይውላል፣ ሲዞር ያድራል። መጦሪያው ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ በዚያው ልጋደምበት ያምረኝ ጀመር።

አንድ ቀን ልጄ ትምህርት ቤት ስላነበቡት አንድ የቆየ የእንግሊዝ ታሪክ በእንግሊዝኛ ትተርክልኝ ጀመር። አማርኛውን ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ንፉግ ሽማግሌ አለ፣ የሞተ ሸሪኩ ይመጣበታል፣ መናፍስት እየወሰዱ ያለፈውንና የሚመጣውን ያሳዩታል፤ በነጋታው ሌላ ሰው ሆኖ ይነሣል። "ልክ እንደ ዳዲ" አለችኝ።

"ከዚያስ?" አልኳት፣ ካልሲ እያጠፍኩ።

"ከዚያማ ቸር ሆነ። አለቀ።"

"አለቀ? ሚስት አለችው?"

አሰበችና፣ "የለችውም" አለች።

ሁለታችንም ሣቅን። ስስቅ አይታኝ ከጎኔ ተቀምጣ ካልሲ ማጠፍ ጀመረች።

እርጉዟ ልጅ ስትወልድ ባሌ ሆስፒታል ሄዶ ጠየቃት። ሲመለስ ጫማውን እየፈታ፣ "እናቷ እዚህ የለችም፤ እኔ ጋ እናት አለችሽ አልኳት። አንቺ ታርሻታለሽ" አለኝ። ልጅቷን እወዳታለሁ፤ አራስ ብቻዋን ስትሆን ምን እንደሚመስል ራሴ እዚሁ አገር ወልጄ አውቀዋለሁ። እምቢ የሚያሰኝ አልነበረም። እሺ የሚያሰኝ አቅምም አልነበረኝም።

ከሆስፒታል በምትወጣበት ዕለት እኔ ሌሊት ገብቼ ቀኑንም ደርቤ ነበር የሠራሁት። ከሰዓት በኋላ ጨርሼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ፣ ቁልፉን ሰካሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ስነቃ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፣ ስልኬ ባትሪው አልቋል፣ ጉንጬ ላይ የቀበቶው ምልክት ታትሟል። ሰው እየጠበቀኝ እንደሆነ አስታወስኩ። ቢሆንም ሞተሩን ሳላስነሣ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ማንም ምንም የማይለኝ ቦታ እዚያ ብቻ ነበር።

ቤት ስደርስ ሁሉም ሳሎን ተቀምጠዋል። ልጅቷ ሕፃኑን ታቅፋ ሶፋው ላይ ናት፤ ጠረጴዛው ላይ ሻይና የተቆረሰ ደረቅ ዳቦ አለ። ባሌ በር ላይ ጠበቀኝ።

"የት ነበርሽ? ስንቴ ኮል አደረግኩልሽ። አራሷ እኮ ገንፎ ሳትቀምስ ዋለች።"

"ተኝቼ ነበር" አልኩ።

"የት?"

"መኪና ውስጥ።" ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፤ ከፍ የማደርግበት ጉልበትም አልነበረኝም። "ድሮ የራስህን ትሰስት ነበር" አልኩት። "አሁን የእኔን ትሰጣለህ።"

"የአንቺን የቱን?"

ሊያሾፍ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ያ ነው ያስለቀሰኝ።

"እጄን" አልኩት። "ወገቤን። እንቅልፌን። ለሰው ሁሉ ስትሰጥ ከማን ላይ እያነሣህ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅክም።"

ወንድማማቾቹ ቀስ ብለው ወደ ጋራዥ ገቡ። አራሷ ማልቀስ ስትጀምር ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ "ልጄ፣ በአንቺ አይደለም፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም" አልኳት። ባሌ እንደ ቆመ ነው። ቀብሩ ላይ ያየሁት ፊት ነበር። ኋላ እጅጌውን ሰበሰበ።

"ገንፎ እንዴት ነው የሚሠራው?" አለኝ።

"ውሃ ጣድ" አልኩት ከተቀመጥኩበት። "ዱቄቱ ላይኛው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። አይ፣ በግራ በኩል።"

ዱቄቱ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። ማማሰያው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። እኔ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ እነግረዋለሁ፣ እሱ ያገነፋል። ገንፎ እየጠጠረ ሲሄድ ክንድ ይፈልጋል፤ ላቡ በግንባሩ ወረደ።

"እንዲህ ይከብዳል እንዴ?" አለ።

"ይከብዳል" አልኩት።

ገንፎው ጓጎለ። ቅቤው በዛ። አራሷ ግን በላችው፣ እኔም በላሁ። ድስቱን እሱ አጠበ፤ ሳሙናውን ግማሽ ጠርሙስ ጨርሶ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቀና ብል ውሸት ነው። ለብዙ ቀን ተኮራርፈን ሰነበትን። በእጅ ማገዝ ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ ከበደው። ኦቨርታይሙን ትቶ ማታ ቤት እንዲገባ ስጠይቀው፣ "ታዲያ በምን እንሰጣለን?" አለኝ። "ያለንን ያህል እንሰጣለና" አልኩት። አንድ ሳምንት አጉረመረመና ቀነሰው። ማብሰልና ማጠቡ ለሁሉም በተራ እንዲሆን ነገራቸው። ተራው የእሱ ሲሆን ሩዝና ሽሮ ነው፤ ሌላ አይችልም።

በዚህ መካከል ወንድማማቾቹ በዚያ ማታው ንግግሬ ቅር ብሏቸው ወጡ። ኒውአርክ ቤት ተከራዩና ለሰው፣ "እሳቸው ቅዱስ ናቸው፣ ሚስትየዋ ናት ያስወጣችን" ብለው አወሩ። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሴቶቹ እንደገና ወደ ሌላ ማየት ጀመሩ። አንድ እሁድ በመኪና ስንመለስ፣ "ሰምተሃል?" አልኩት።

"ሰምቻለሁ።"

"ምን አልካቸው?"

"ምንም" አለ። "ዝም አልኩ። ደስ የሚል ነገር ነበረበት፣ ቅዱስ መባል።"

ይህን በራሱ አፍ በመናገሩ አልተቆጣሁትም። ደክሞኝም ይሆናል። በሳምንቱ ግን ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ለጸበል ጸዲቅ ተሰብስቦ ሳለ ወንድማማቾቹ ወዳሉበት ሄደ። ትልቅየው ተነሥቶ፣ "ጋሼ፣ ይቀመጡ" አለው።

"አልቀመጥም" አለ ባሌ፣ ዙሪያውን ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ። "አንድ ነገር ላስተካክል ነው። ቤቴ ስትኖሩ የበላችሁት የተሠራው፣ የለበሳችሁት የታጠበው በእሷ እጅ ነው። እኔ በእሷ ድካም ስሜን አስጠርቻለሁ። ከአቅሜ በላይ ወስጄ ያልቻልኩት እኔ ነኝ፤ ያስወጣቻችሁ እሷ አይደለችም።"

ገብጋባ ሰው ብር መስጠት ይጨንቀዋል። ቸር የተባለ ሰው ግን ስሙን መስጠት ይብስበታል፤ ያን ቀን ፊቱን ያየ ይረዳዋል። ትንሹ ወንድም መጥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ከለከልኩት። ታላቁ አላናገረኝም፣ እስካሁንም ሲያገኘኝ ይሽኮረመማል። የሴቶቹ ዓይንም ባንድ ጊዜ አልተመለሰም። እኔም መጠበቁን ትቼዋለሁ።

አራሷና ባሏ ልጁ መቀመጥ ሲጀምር ኦክላንድ ሥራ አግኝተው ሄዱ። ከበርክሌ የሚመጣው ተማሪ አሁንም ብቅ ይላል። አየር ማረፊያ የመሄዱ ነገር አልቀረም፤ ግን አሁን ሰው ከማምጣቱ በፊት፣ "በዚህ ሳምንት እንችላለን?" ብሎ ይጠይቀኛል። አንዳንዴ አንችልም እላለሁ። ያኔ ሌላ ማረፊያ ፈልጎላቸው፣ አድርሷቸው ይመለሳል። አንዳንዴ ደግሞ ሳይጠይቀኝ ቃል ይገባና በድንጋጤ ያየኛል።

ወገቤ አልዳነም። ሐኪሙ ሥራ ቀይሪ ይለኛል፣ የምቀይረው ግን የለም። ባለፈው ቅዳሜ ከሌሊት ሺፍት ገብቼ ጋደም ብዬ ሳለ በር ተንኳኳ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ልጅ ይዘዋል፤ ድምፃቸውን ሰማሁ። ባሌ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ "ቀስ በሉ፣ ባለቤቴ ተኝታለች" አላቸው። ጫማ ሲወልቅ ተሰማኝ፣ ከዚያ ውሃ ሲቀዳ፣ ከዚያ ቢላዋው መክተፊያው ላይ ቀስ እያለ፣ እየተሳሳተ ሲወርድ። አልተኛሁም ነበር። ተነሥቼ ሰላም ልላቸው ይገባ ይሆናል። ትራሴን ገልብጬ በሌላው ጎኔ ተኛሁ።